አድገው የጨረሱ ዓሣዎች

አቶ ዘነበ መሞታቸውን የሰማሁት ከአበርገሌ ሰው ጭኖ ከመጣ ሾፌር ነው። መናኸሪያው በር ላይ ቆሜ የተላከልኝን ማር ስጠብቅ፣ "ያ የዓሣው ሰውዬ ዐረፈ እኮ" አለኝና ፈገግ አለ። በሰቆጣ የእሳቸው ስም ሲነሣ ፈገግ የማይል የመሥሪያ ቤት ሰው ጥቂት ነበር። የት እንደ ተቀበሩ ጠየቅሁት፤ አላወቀም። ምን እንዳመማቸው ጠየቅሁት፤ "ቆላ ምን በሽታ ያጣል" ብሎ ማሩን ከመኪናው ጣሪያ አወረደልኝ።

ሰው ሲሞት ደግ ነበር ማለት ልማድ ነው። አቶ ዘነበ ደግ አልነበሩም። ቢያንስ ለእኔ ደግ ሆነው አያውቁም። አብረን በሠራንባቸው ዓመታት አንድ ቀን እንኳ ከአፋቸው ምስጋና ሲወጣ አልሰማሁም። ሰላምታቸው አጭር ነበር፤ ቡና ሲጋበዙ "ሥራ አለኝ" ይላሉ፤ ለቅሶ ቤት ሲመጡ ጥግ ይዘው ተቀምጠው ሳያወሩ ይሄዳሉ። እኔም አልወደድኋቸውም። ሆኖም በጡረታ ቤቴ ቁጭ ብዬ ያለፉትን ሰዎች ሳስብ፣ ያከብሩኝና ያሞግሱኝ የነበሩት ሁሉ እየተደበዘዙ ሲሄዱ እሳቸው ብቻ ከነአንገት ክራቸው ጥርት ብለው ይመጡብኛል።

እኔ በሰቆጣ በአንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበርሁ። የመሥሪያ ቤቱን ስም መጥራት አያስፈልግም፤ ዛሬ ፈርሶ በሌላ ተተክቷል። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ የገባሁበት ሥራ ነው፤ ስሕተት የሌለበት ገጽ አወጣለሁ ብዬ እኮራ ነበር። አቶ ዘነበ የመጡት ሁለት ሺህ ዓመተ ምሕረት ከመግባቱ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ ነው። የዓሣ ባለሙያ ተመደበልን ሲባል ቢሮው አንድ ሳምንት ሳቀ። ደጋ ላይ፣ ጾመኛ አገር፣ ዓሣ በዓይኑ ያላየ በሚበዛበት ከተማ የዓሣ ባለሙያ። የመደባቸው ሰው ካርታ ላይ ተከዜን አይቶ ይሆናል። ተከዜ ግን ከእኛ የሚርቀው የአንድ ቀን መንገድ ነው፤ መኪና ደግሞ ለእሳቸው የሚሰጥ አልነበረም። ስለዚህ ከከተማው በታች ወዳለው ወንዝ በእግራቸው መውረድ ጀመሩ።

አጭር ሰው ናቸው፤ ትከሻቸው ጠበብ ያለ፣ እጃቸው ግን የትልቅ ሰው እጅ። ጣና ዳር ተወልደው በአባታቸው ታንኳ ላይ ነው ያደጉት። ከአንገታቸው በጥቁር ክር የተንጠለጠለ ማጉያ መነጽር አይለያቸውም። ቢሯቸው መስኮት ላይ የማርማላታ ጠርሙስ ደርድረው በየጠርሙሱ አንዳንድ ጣት የሚያህል ዓሣ አስቀመጡ። እንዳይበሰብሱ የተነከሩበት የፎርማሊን ሽታ እስከ እኔ ክፍል ይመጣ ነበር። የጽዳት ሠራተኛዋ "ሬሳ ካለበት ክፍል አልገባም" ብላ በጽሑፍ አመለከተች፤ ማመልከቻዋንም የጻፍሁላት እኔ ነኝ።

አንድ ቀን ለጠርሙሶቹ የሚለጠፍ ወረቀት ታይፕ እንዳደርግላቸው ጠየቁኝ። ምን ተብሎ እንደሚጻፍ ስጠይቃቸው "ያዩትን ይጻፉ" አሉና አንዱን ጠርሙስ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጠው ወጡ። "ትንሽ ዓሣ፤ ከወንዝ የተያዘ" ብዬ፣ ዳርና ዳሩን አስተካክዬ፣ ሰጠኋቸው። አነበቡትና መልሰው ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡት።

"ትንሽ ስም አይደለም" አሉኝ። "እኔ እርስዎን 'ሴት፤ ከቢሮ የተያዘች' ብዬ ብጽፍ ደስ ይልዎታል?"

ሁለት ወር ያህል ከ"ደኅና ዋሉ" በላይ አላናገርኋቸውም።

ወንዙ ዳር ያገኘኋቸው ከዚያ በኋላ ነው። ከማዶ መንደር ለቅሶ ደርሼ ስመለስ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት ሰብስበው ውኃው መሐል ቆመዋል። አይተውኝ ዝም ማለት ይችሉ ነበር። "ይምጡ፣ ወይዘሮ አልማዝ፤ ያን ወረቀትዎን እንጨርሰው" አሉኝ። ነጠላዬን ሰብስቤ ድንጋይ ላይ ተቀመጥሁ። መሄድ ነበረብኝ፤ ለምን እንደ ተቀመጥሁ አላውቅም።

ዓሣ ከመንካታቸው በፊት እጃቸውን ውኃ ውስጥ ይነክራሉ። ደረቅ እጅ የሚያሙለጨልጭ ልባሱን ይገፍፈዋል ይላሉ። እርጥብ መዳፋቸው ላይ አንዱን አጋድመው አሳዩኝ።

"መጀመሪያ ያልሆነውን ይንገሩኝ" አሉ።

ምን እንደምል አላወቅሁም። ራሳቸው ቀጠሉ። ቆረሶ አይደለም፤ ቆረሶ ጢም የለውም፣ ይህ በአፉ ግራና ቀኝ ሁለት ሁለት ጢም አለው። አምባዛም አይደለም፤ አምባዛ ገላው ልሙጥ ነው፣ ይህ ቅርፊት ለብሷል። ድንጋይ ላይ የሚለጠፈውም አይደለም፤ ያኛው ከአገጩ ሥር እንደ ሳንቲም ክብ መምጠጫ አለው። እንግዲህ ሁለት ቀሩ አሉ፦ ወይ ተከዜ ውስጥ ክንድ የሚያህለው የነጭ ዓሣ ልጅ ነው፣ ወይ ራሱን የቻለ ትንሽ ዝርያ ነው። ማጉያውን ከአንገታቸው አውልቀው ሰጡኝና የጀርባውን ክንፍ በመርፌ ጫፍ ቀና አደረጉት። ከክንፉ ፊት ያለው እሾህ ከኋላው በኩል እንደ መጋዝ ጥርስ ነበረው። ጥርስ በጥርስ፣ በጣም ጥቃቅን፣ ግን አለ።

"የነጭ ዓሣ ልጅ እሾሁ ልሙጥ ነው፤ ሲወለድም ሲያረጅም" አሉኝ። "ይህ መጋዝ አለው። ከዚህ በላይ አያድግም። ልጅ አይደለም፤ ሙሉ ሰው ነው።"

ከዚያ ወንዝ ውኃ እየቀዳሁ ነው ያደግሁት። ያን ሁሉ ዘመን ከእንስራዬ ጋር አብረው ሲገቡ በጣቴ እያወጣሁ የጣልኋቸው ሁሉ ለእኔ አንድ ነበሩ። ይህን ለእሳቸው አልነገርኋቸውም። ማጉያውን መልሼላቸው ወደ ቤቴ ሄድሁ። ሰኞ ዕለት አዲስ ወረቀት ጻፍሁላቸው፤ የእሾሁን፣ የጢሙን፣ የተያዘበትን ቦታ። ተቀብለው ለጠፉት።

ከዚያ የኩሬ ዘመቻ መጣ። ዝናብ ለሚያጥረው ለእኛ አገር ውኃ ማቆር ጥሩ ነገር ነው፤ በእሱ ላይ የምለው የለኝም። ገበሬው ጉድጓድ ይቆፍራል፣ መሥሪያ ቤት ውኃ የማያሰርግ ፕላስቲክ ይሰጠዋል፣ የክረምቱ ጎርፍ ይጠራቀማል፣ በበጋ ሽንኩርቱንና ጌሾውን ያጠጣበታል። ነገሩ እዚያ ላይ ቢቆም ደግ ነበር። የእኛ ኃላፊ ግን አንድ ቀን ከስብሰባ ሲመለስ፣ ሌላ ቦታ ኩሬ ውስጥ ዓሣ እያረቡ መሆኑን ሰምቶ መጣ።

ስለ ኃላፊው ስሙን ሳልጠራ እጽፋለሁ፤ ልጆች አሉት። ጮክ ብሎ የሚናገር፣ ኮቱን የማያወልቅ ሰው ነበር። የሚረባ የዓሣ ጫጩት ከሐይቅ አገር ማስመጣት ሩቅ ነውና ከወንዛችን እንያዝ አለ። ትልልቆቹ ዓሣዎች ተከዜ ውስጥ ናቸው፤ እነዚህ ትንንሾቹ ደግሞ ልጆቻቸው ናቸው፤ ወላጆቻቸው ሙቀቱንና አዞውን ሽሽት ወደ ደጋ ይልኳቸዋል፤ ሲያድጉ ይወርዳሉ። ይህን በስብሰባ ላይ በጣቱ ካርታ እያሳየ አስረዳን። ዓሣም እንደ ቆላው የዝቋላና የአበርገሌ ገበሬ ልጁን ሰቆጣ ልኮ የሚያስተምር መሰለው። ከተሰበሰብነው ውስጥ ግማሾቹ በማስታወሻቸው ላይ ጻፉት።

አቶ ዘነበ እጃቸውን አወጡ። ተራ ሲሰጣቸው ቆመው፣ "እነዚህ አያድጉም፤ አድገው ጨርሰዋል" አሉና ተቀመጡ። ስለ እሾሁ፣ ስለ ጢሙ ቢያስረዱ ምናልባት አንድ ሰው ይሰማቸው ነበር። አላስረዱም። ያልገባው ሰው ራሱ ይጠይቅ የሚል ንቀት ነበረባቸው፤ የጠየቀም የለም።

"አቶ ዘነበ፣ እርስዎ ስላላደጉ ዓሣውም አያድግም ማለት አይደለም" አለ ኃላፊው።

ቤቱ በሳቅ ተሞላ። እኔም ሳቅሁ፤ አልክድም። እሳቸው ሳቁ እስኪያበቃ ጠብቀው፣ "እኔም ጨርሻለሁ" አሉ። ቁመታቸውን የሚያውቅ ሁሉ እንደገና ሳቀ።

በአጎበር ጨርቅ ከወንዙ እየታፈሱ፣ በጀሪካን ተጭነው በየኩሬው ተከፋፈሉ። የወይዘሮ ጥሩወርቅ ኩሬ ሞዴል ተባለ። ጥሩወርቅ ባሏ የሞተባት ገበሬ ናት፤ ኩሬውን በዐቢይ ጾም ከወንድሟ ጋር ሆና በእጇ የቆፈረችው ነው። ሞዴል የሆነችው ግን በጉብዝናዋ አይደለም። ኩሬዋ ለመኪና መንገድ የቀረበ ስለ ነበር ነው፤ ኃላፊው ኮቱን አቧራ ሳይነካው የሚደርስበት።

ኩሬው ውስጥ ጫፉ ቀይ የተቀባ እንጨት ተተከለ። ጫጩቶቹ ጥልቀት ስለሚያስፈልጋቸው ውኃው ከቀዩ በታች እንዳይወርድ ታዘዘች። ፉርሽካም እንድትሰጣቸው። በጥር ውኃው ቀዩ ጋ ደረሰ፤ ከዚያ ወዲህ ለሽንኩርቷ አንድ ባልዲ መቅዳት አልቻለችም። ውኃው ዓይኗ ሥር ተንጣሎ ሽንኩርቱ በመደቡ ላይ ቢጫ ሆኖ ተኛ። ቢሮ መጥታ አመለከተች። አማርኛዋ አገውኛ የተቀላቀለበት ነው፤ ኃላፊው ያልገባው መስሎ ሁለት ጊዜ አስደገማት። በሦስተኛው፣ "ጌታዬ፣ ዓሣው ሽንኩርት አይበላም፤ እኔም ዓሣ አልበላም። ታዲያ ከሁለታችን ማን ይብላ?" አለችው። ትዕግሥት ይኑርሽ ተብላ ተሸኘች።

በየወሩ ሪፖርት የምጽፈው እኔ ነበርሁ። "የተሠራጩት ጫጩቶች በጥሩ ሁኔታ ላይ ይገኛሉ።" ስምንት ወር ያንኑ ጻፍሁ። አንድ ቀን አቶ ዘነበ ከትከሻዬ በላይ አነበቡትና፣ ስንት ሴንቲ ሜትር ደረሱ ይላል ብለው ጠየቁኝ። በጥሩ ሁኔታ ነው የሚለው አልኋቸው።

"ጥሩ ሁኔታ ስንት ሴንቲ ሜትር ነው?" አሉና መልስ ሳይጠብቁ ሄዱ።

በዓመቱ ከበላይ መሥሪያ ቤት እንግዶች ሊጎበኙ መጡ። ኩሬው ዳር ድንኳን ተተከለ። መረብ ተጣለ፤ የወጣው ሁሉ ጣት የሚያህል ነበር፤ ሲገቡ የነበሩትን ያህል። አንዱ እንግዳ በትሕትና፣ ትልልቆቹ የት እንደ ሆኑ ጠየቀ። ኃላፊው ወደ ጥሩወርቅ ዞረ። እንክብካቤ እንዳላደረገች፣ ፉርሽካውን ለራሷ እንዳዋለች፣ ያደጉትንም እየያዘች ሳትሸጥ እንዳልቀረች ተናገረ። ሰቆጣ ገበያ ላይ ዓሣ የሚገዛ ማን እንደ ሆነ የጠየቀው የለም። እንግዶቹ ምሳቸውን በልተው ሄዱ።

በሳምንቱ ኮሚቴ ተቋቋመ። ጉዳዩ ጉድለት ከተገኘባት ፕላስቲኩ ከእርሷ ተነሥቶ ለሌላ ገበሬ እንዲሰጥ ነው። ያለ ፕላስቲክ ጉድጓዱ የሚይዘው ውኃ በሁለት ሳምንት ይሰርጋል፤ ያለ ውኃ ሽንኩርት የለም፤ ሽንኩርቱ ደግሞ ባሏ ከሞተ ወዲህ ያላት ኑሮ ነው። አምስት ሰው ሆነን ኩሬው ዳር ተሰበሰብን፤ አቶ ዘነበ በባለሙያነት፣ እኔ በቃለ ጉባኤ ያዥነት።

ጥሩወርቅ ፈንጠር ብላ ቆማለች። ኃላፊው ክሱን አነበበ። አቶ ዘነበ ወደ ኩሬው ወረዱ። እጃቸውን ነከሩ፣ በአጎበሩ አንዱን ዓሣ አወጡ፣ ጭንቅላቱን በአውራ ጣታቸው ጫን አድርገው ገደሉት፣ በትንሽ ምላጭ ሆዱን ቀደዱት። ከዚያ መዳፋቸውን ዘርግተው ለእያንዳንዳችን በተራ አሳዩን። ሆዱ በዕንቁላል ተሞልቷል፤ እንደ ሠርገኛ ጤፍ ድቅቅ ያለ፣ ቢጫ። ሁለተኛ አወጡ፤ ዕንቁላል። ሦስተኛው ወንድ ነበር። አራተኛ፤ ዕንቁላል።

"ይቺ ልጅ አይደለችም፤ እናት ናት" አሉ። "ዓመት ሙሉ አድጊ እያላችሁ የምትጠብቋት እናት ናት።"

ጥሩወርቅ ጠጋ ብላ መዳፋቸውን አየች። ብዙ ጊዜ አየች። ከዚያ ወደ እኛ ዞራ ተናገረች፤ ያን ቀን ማንም አስደግሞ አልጠየቃትም።

"የእኛ አገር ላም አጭር ናት። ከወለደች ግን ጥጃ ናት የሚል ሰው አይቼ አላውቅም። ይቺንም ጌታ አጭር አድርጎ ፈጥሯታል። እኔ ምን ላድርጋት፣ እግሯን ይዤ ልጎትታት?"

የቀበሌው ሊቀ መንበር ሊስቅ ሲል አፉን በጋቢው ሸፈነ። ለአንድ አፍታ ነገሩ ያለቀ መሰለኝ። ከዓሣው ሆድ ውስጥ የወጣውን እኮ አምስታችንም አየነው። ኃላፊው ሰዓቱን ተመለከተ።

"ይህ የባለሙያ ማብራሪያ ነው፤ እናመሰግናለን። አጀንዳችን ግን የእንክብካቤ ጉድለት ነው" አለ።

ሊቀ መንበሩ ጋቢውን ከአፉ አውርዶ፣ ታዲያ ወይዘሮዋ ምን አጠፋች ብሎ ጠየቀ። ፕላስቲኩ ይነሣ የምትሉ እጅ አውጡ ተባለ። ሊቀ መንበሩም ጭምር አወጣ።

ቃለ ጉባኤውን ቢሮ ገብቼ ጻፍሁት። መጀመሪያ ያየሁትን ነው የጻፍሁት፤ ከተከፈቱት ዓሣዎች መካከል ሦስቱ ዕንቁላል እንደ ነበራቸው። ኃላፊው በቀይ እስክሪብቶ ሰረዘውና ከአጀንዳው ውጭ መሆኑን ነገረኝ። ያለ እሱ ደግሜ ጻፍሁት። ለፊርማ ወደ አቶ ዘነበ ወሰድሁት። እስከ መጨረሻው አነበቡ፤ ገልብጠው ጀርባውንም አዩ።

"ዕንቁላሉ የታለ?"

"ከአጀንዳው ውጭ ነው ተብሏል።"

"ከዓሣው ግን ውስጥ ነበር" አሉና እስክሪብቶውን አስቀመጡ። አልፈረሙም።

ኃላፊው አልተቸገረም። ከእሳቸው ስም አጠገብ "በቦታው ባለመገኘታቸው አልፈረሙም" ብለሽ ጻፊ አለኝ። ጻፍሁ። ሰበብ አለኝ፤ ለጡረታ የቀሩኝ ዓመታት ነበሩ፣ ቤት ውስጥ የታመመች እናት ነበረችኝ። ሰበብ የሌለው ሰው በዚያ ቢሮ ውስጥ አልነበረም፤ ኃላፊውም የራሱ ነበረው። ያን ቀን ያወጣሁት ገጽ አንድም የፊደል ስሕተት የለበትም።

ፕላስቲኩን አምስት ሰው ሆነው ጠቅልለው ወሰዱት። ውኃው ወደ እርሻው ፈሰሰ፤ ዓሣዎቹ ጭቃው ላይ ይፈራገጡ ጀመር። አቶ ዘነበ በሁለት ጀሪካን የቻሉትን ያህል እየለቀሙ፣ እየደጋገሙ እጃቸውን እየነከሩ፣ ወደ ወንዙ ተሸክመው መለሷቸው። ሁለት ጊዜ ተመላለሱ። መንገድ ላይ የተቀመጡ የቢሮ ሰዎች፣ "ልጆችዎን ወደ አያቶቻቸው ወሰዷቸው?" እያሉ ይስቁባቸው ነበር። ቀና ብለውም አላዩአቸውም።

ወር ሳይሞላ ተከዜ ዳር ወዳለው ቆላ፣ ወደ አበርገሌ ተዛወሩ። ደብዳቤው "ለሙያቸው ቅርብ ወደ ሆነ የሥራ ቦታ" ይላል፤ እሱንም የጻፍሁት እኔ ነኝ። ሊሰናበቱ ወደ ክፍሌ መጡ፤ መምጣታቸው ገረመኝ። ቆመው ማሽኑን አዩት።

"ወይዘሮ አልማዝ፣ እርስዎ ጎበዝ ጸሐፊ ነዎት" አሉኝ። "ያዘዙዎትን ሳይሳሳቱ ይጽፋሉ።"

በሩን ቀስ ብለው ዘግተውት ሄዱ። ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ ቢኖርበት ይቀለኝ ነበር። ለጠርሙስ የሚለጠፍ ወረቀት ያህል ደረቅ ነበር።

ጥሩወርቅ የመጣችው እሳቸው ከሄዱ በኋላ ነው። ለበላይ መሥሪያ ቤት አቤት ልትል አስባ የውሳኔውን ግልባጭ ጠየቀች፤ ሕጉ ስለሚፈቅድላት የከለከላት የለም። ማንበብ ስለማትችል እንዳነብላት ለመነችኝ። ኃላፊው ወደ ገጠር ወጥቶ ነበር። ከላይ ጀምሬ አነበብሁላት፤ አጀንዳውን፣ ጉድለቱን፣ ውሳኔውን። እጆቿን አጣጥፋ ታዳምጣለች። ከዚያ የስም ዝርዝሩ ጋ ደረስሁ፤ "አቶ ዘነበ፣ በቦታው ባለመገኘታቸው አልፈረሙም" አልሁ።

"ማን?" አለች።

ደግሜ አነበብሁላት።

"እንግዲያ ዓሣውን የቀደደው ማን ነበር?"

ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥሁት። ከተቀመጠችበት ሳትነሣ ፊት ለፊቴ አየችኝ።

"እርስዎ እኮ አጠገባቸው ነበሩ። እጃቸውን ሲዘረጉ ነጠላዎን ሰብስበው ጎንበስ ብለው አይተዋል። አይቼዎታለሁ።"

"ነበርሁ" አልኋት።

"ይጻፉዋ።"

ማኅተሙ ከኃላፊው መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎበት እንደሚገኝ ነገርኋት። ማኅተም የሌለው ወረቀት ዋጋ እንደሌለው፣ እንኳን የበላይ መሥሪያ ቤት የቀበሌ ዘበኛም እንደማይቀበለው አስረዳኋት። ሁሉንም በጥሞና ሰማች።

"እኔ ማኅተም አልጠየቅሁዎትም" አለች።

ማሽኑ ላይ ወረቀት ከነካርቦኑ አስገባሁ። በኩሬው ዳር አቶ ዘነበ እንደ ነበሩ፤ አራት ዓሣ ከፍተው ሦስቱ ዕንቁላል እንደ ተገኘባቸው፤ የጀርባቸው እሾህ የመጋዝ ጥርስ ያለው በመሆኑ የትልቁ ዓሣ ልጆች እንዳልሆኑ፤ በተፈጥሯቸው ከዚያ በላይ እንደማያድጉ፤ ሴትዮዋ ምንም እንዳላጎደለች፤ ይህንም በዓይኔ እንዳየሁ ጻፍሁ። ሁለት ቦታ ተሳሳትሁ። አልደገምሁትም፤ በእስክሪብቶ አርሜ ሙሉ ስሜን ፈረምሁበት። ጥሩወርቅ በመቀነቷ ቋጥራው ወጣች።

ከበላይ መሥሪያ ቤት ሁለት ሰው መጥቶ ጠየቀኝ፤ ያልሁትን ደገምሁ። ሊቀ መንበሩም ተጠየቀ፤ እሱም ማየቱን አመነ። ከክረምቱ በፊት ፕላስቲኩ ተመለሰላት። ለሌላ ገበሬ ይሰጣል የተባለው ዕቃ ለማንም ሳይሰጥ መጋዘን ውስጥ ተጥሎ አይጥ በልቶት ነበር፤ ቀዳዳውን በጎማ እየደፈነች ዘረጋችው። ይቅርታ የጠየቃት ሰው የለም። ኃላፊው በዓመቱ ለትምህርት ተልኮ በሌላ ቦታ ከፍ ያለ ወንበር አገኘ። እኔን ከታይፕ ክፍል አንሥተው መዝገብ ቤት አስገቡኝ፤ ጡረታ እስክወጣ እዚያው አቧራ ሳራግፍ ኖርሁ። ለአቶ ዘነበ የፕላስቲኩን መመለስ በሾፌር አፍ ላክሁላቸው። መልስ አልመጣም፤ ይመጣልም ብዬ አልጠበቅሁም።

መዝገብ ቤት ሳለሁ የኩሬውን ፋይል የምጠብቀው እኔው ነበርሁ። ያቺን የፈረምሁባትን ወረቀት ግልባጭ ይዤ ነበር፤ በአንድ ደቂቃ ከፋይሉ ውስጥ ማስገባት እችል ነበር። አላስገባኋትም። ማኅተም የሌለው ወረቀት መዝገብ አይገባም፤ የሥራው ደንብ ነው፤ እኔም እስከ መጨረሻው ቀን ደንብ አክባሪ ነበርሁ። ስለዚህ ፋይሉ ሳይነካ አለ። ዛሬም የሚከፍተው ሰው ቢኖር፣ ወይዘሮ ጥሩወርቅ በተከሰሰችበት ቀን የዓሣ ባለሙያው አቶ ዘነበ በኩሬው ዳር አልነበሩም የሚል፣ አንድም የፊደል ስሕተት የሌለበት የእኔ ጽሑፍ ያገኛል።

ነበሩ።